ክትፎ በአፌ ሳለ ያልኩት አሜን

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ እንደገና ተማሪ እንድሆን ተፈቀደልኝ። ከበላይ የመጣው ሰርኩላር፣ ብዙ ዘመን ያገለገሉ መምህራን ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፈለጉት ሙያ ዲግሪ ሊይዙ ይችላሉ ይላል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አመልካቹ ዕድሜው ከአርባ ያላለፈ መሆን አለበት፤ የሚማረውንም ትምህርት መርጦ ኅዳር ሳይገባ ማሳወቅ አለበት። የመጀመሪያውን እናቴ ዘግየት ብላ በመውለዷ አሟላሁ። ሁለተኛው ነው ያስቸገረኝ።

«በፈለጉት ሙያ» የሚለውን ሐረግ ያረቀቀው ሰው ክፉ መሆን አለበት። አስተምር የተባልኩትን ሳስተምር፣ ተዛወር ወደተባልኩበት ስዛወር የኖርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ አለቃ አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አሁን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጠየቅሁ። ዘንድሮ ካልመለስኩ ለከርሞ አርባን አልፌ በሩ ይዘጋብኛል።

ወልቂጤ ጂኦግራፊና አማርኛ አስተምር ነበር። የስፖርት አስተማሪው ሲታመም ደግሞ ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ አሯሩጣለሁ። ሥራዬን አልጠላሁትም። ግን ዓባይ በየዓመቱ ከጣና ይወጣል፣ በየዓመቱም ካርቱም ይደርሳል፤ እኔ የትም አልደረስኩም። በዚያ ሰሞን አንድ መጽሐፍ እንኳ ከግማሽ አሳልፎ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። አንዱን ጀምሬ እተዋለሁ፣ ሌላ አነሳለሁ። ከክፍል ስወጣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው እመላለሳለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ቸኩያለሁ እላለሁ፤ የምሄድበት ቦታ ግን የለኝም።

ምክር አልጎደለኝም። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደኛ የተላከ ጎረምሳ የሒሳብ መምህር ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ፋኩልቲዎች እንደ ሰፈሩ ሱቆች ያውቃቸዋል።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? የእርስዎማ ሕግ ነዋ!» አለኝ አንድ ቀን የመምህራን ክፍል ቁጭ ብለን።

«ለምን ሕግ?»

«በሁሉም ነገር ይከራከራሉ።»

«አልከራከርም።»

«ይኸው!» ብሎ ለተቀመጡት ሁሉ በእጁ አሳያቸው።

ሳቁ። እኔ ሕግን የጠላሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ልማዴ ነው፤ ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ገላዬን ያሳክከኛል። ሰው ሁሉ ያነበበውን መጽሐፍ አላነብም፤ ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ንግግር ላይ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ይህን ልማድ ነፃነት ብዬ እጠራው ነበር።

ደግሞ ምክንያት አልነበረኝም አይባልም። ለእኔ ሕግ ማለት ከወልቂጤ ፍርድ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው ቀጠሮ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። አማርኛ የማይሆንላቸው ማመልከቻ ጻፍልን እያሉ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ፤ እጽፍላቸዋለሁ። ስለ አጥር፣ ስለ ፈሰስ ውኃ፣ የጎረቤት ላም ስለ በላችው እንሰት ስንትና ስንት ዓመት ጻፍኩ። ቀሪ ዕድሜዬን ደግሞ ካባ ለብሼ ያንኑ አጥር እንድከራከር ነው የሚመክሩኝ።

ባለቤቴ እንደሌሎቹ ሕግ አላለችም። እሷ ያለችው ከዚያ የከፋ ነው።

«የማትፈልገውን በቃሌ ልንገርህ» አለችኝ። «ሕግ አልፈልግም። እርሻ አልፈልግም። አስተማሪነት በቃኝ። ቢሮ ገብቼ ማኅተም አልመታም። ሁሉንም አውቀዋለሁ። እስቲ የምትፈልገውን አንድ ነገር ንገረኝና ስንቅ ልቋጥርልህ።»

«አስባለሁ» አልኳት።

«አስብ። ጫማህን ግን አውልቀህ አስብ፤ ወለሉን በጭቃ ጨረስከው።»

በዚህ መካከል መስቀል ደረሰ። ለመስቀል ወደ ቸሃ ወደ አባቴ መንደር መግባት የምመርጠው ወይም የማልመርጠው ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ነጋዴው፣ ከጅማ ሾፌሩ፣ ካለበት ያለው ሁሉ ይገባል፤ ያልገባ ሰው ታሟል ወይም ታስሯል ተብሎ ይጠየቃል። በሬው ታረደ። ክትፎው በእንሰት ቅጠል ቀረበ። እኔም ከሰርኩላሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ማድረስ ቻልኩ፤ በላሁ።

እኛ ዘንድ ከእርዱ በኋላ ሽማግሌ ቆሞ ይመርቃል። የዚያን ዕለት የመረቀው የእናቴ ወንድም ነው። ምርቃት ያውቅበታል፤ ማወቁንም ያውቀዋል። በቋንቋችን፣ ድምፁን እያወዛወዘ፣ ለከብቱ መረቀ፤ ለወላዷ መረቀ፤ ለዘሩ መረቀ። ሕዝቡ አሜን ይላል፣ እኔም ከሕዝቡ ጋር አሜን እላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ክትፎው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፌ ሙሉ እንደሆነ እኔም «አሜን» አልኩ።

ጎኔ የተቀመጠው ሰው ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ዳኛው!»

«ምን?»

«አልሰማህም እንዴ? ዳኛ ያድርግህ፣ የወገንህን ድንበር የምታስከብር ሕግ አዋቂ ያድርግህ አለህ እኮ። አሜን አልክ።»

የእኛን አገር ሰው የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ምን አለበት ሊል ይችላል። አለበት። ምርቃት ስጦታ ነው፤ አሜን ያለ ሰው ተቀብሏል፤ አሜን ሲል የሰማው መንደር ሁሉ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲያ እግሩን ወደ ሌላ የሚያዞር ሰው፣ የመረቀው ሽማግሌ ራሱ በሌላ ምርቃት ካልተካለት በቀር፣ ምርቃት ረጋጭ ይባላል። እንዲህ የተባለ ሰው ልጁን ሲድር ሽማግሌ ቢለምን የሚቆምለት የለም። እኔ መጽሐፍ አንባቢ ነኝ፤ በዚህ ነገር የማላምን መሆኔን ለብዙ ሰው በብዙ ማስረጃ አስረድቻለሁ። ግን ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ።

ደግሞ አጎቴ እንዲያው በፍቅር ብቻ አልመረቀኝም። ከጎረቤቱ ጋር በእንሰት ቦታ ድንበር ሲካሰስ ጸጉሩ የነጣ ሰው ነው። የክሱን ማመልከቻ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩለት አላስታውስም። ከቤተሰቡ አንድ ጠበቃ ቢወጣ ማን እንደሚጠቀም ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም።

ወልቂጤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ገበያ ውስጥ ቅቤ የምትሸጠዋ ሴት «ዳኛ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሳልፍ ይነሱልኝ ጀመር። የሒሳቡ መምህር ይህን ሲያይ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ተመረጠልዎት ማለት ነው።»

«አልተመረጠልኝም። ሄጄ አስቀይረዋለሁ።»

«ምርቃት ይግባኝ አለው?»

«አለው» አልኩት። መኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ችግሩ አጎቴ ከመንደሩ መሄዱ ነው። ልጁ ቡታጅራ ስላገባች ከመስቀል በኋላ እሷ ዘንድ ሄዶ የበርበሬ ዋጋ ሲያስማማ ይቆያል። ወልቂጤና ቡታጅራ ደግሞ በክፍሌ ካርታ ላይ የአውራ ጣት ስፋት እንኳ አይራራቁም። በመካከላቸው ተራራ አለ፤ የመኪና መንገድ ግን የለም። በመኪና የሚሄድ ሰው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ከዚያ በሌላ በኩል ተመልሶ ይወርዳል፤ ጎረቤቱን ሰላም ለማለት ከተማውን ዞሮ እንደሚመጣ ሰው። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ካርታውን ሳስነብብ በእርሳስ ነጠብጣብ መስመር እስልበታለሁ፤ የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ አጠፋዋለሁ።

የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና በእግር ልወጣ ወሰንኩ። አንድ የማውቀው የቡታጅራ ነጋዴ በርበሬውን ወልቂጤ አራግፎ ሁለት በቅሎዎች ይዞ ሲመለስ አገኘሁት። እስላም ነው፤ ቀልደኛ ነው፤ ተራራውን እንደ ቤቱ ጓሮ ያውቀዋል። የምሄድበትን ምክንያት ነገርኩት።

«ወላሂ መምህር» አለኝ፣ «ሰው ምርቃት ፍለጋ ሲሄድ አይቻለሁ። ምርቃት ሊመልስ ሲሄድ የመጀመሪያህ ነህ።»

እምድብር ስንደርስ የሚሲዮኑ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ የሕፃን ጆሮ ታያለች። ልቤ ተነሳ። ይኸው ሥራ! አጥር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፤ የሚያመውን አይተህ የሚያድነውን ትሰጣለህ። ሕክምና እማራለሁ አልኩ፤ ለነጋዴውም ነገርኩት።

«ማሻአላህ» አለ። «ደም ትችላለህ?»

ለመስቀል በሬው ሲታረድ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ስለ አየሩ ሳወራ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከተማውን ሳንለቅ ሕክምናን ተውኩት።

ከእምድብር ወዲያ ዳገት ነው። ጥቅምት ቢገባም የክረምቱ ጭቃ ገና በየጥላው ተኝቷል። መንደር ስንደርስ ግን ጀፎረው ላይ እንወጣለን። ጀፎረ በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋው ሰፊ ሣር ሜዳ ነው፤ የመንደሩ አደባባይም መንገድም ነው። ማንም አጥሩን ወደዚያ መግፋት አይችልም፤ አባቶቻችን ስፋቱን ወስነው ሄደዋል፣ እስከ ዛሬ አልጠበበም። እንግዳ ሰው ሲያየው ይደነቃል፤ እኛም ሲደነቅ አይተን እንኮራለን። እኔ ግን በዚያ ጉዞ በኩራቱ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ስፋት መንደሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት በቅሎ እንኳ ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ውኃ የቦረቦረው ስርጥ ነው። እርስ በርሳችን የምንተያይበትን አሥር በሬ የሚያሳልፍ አድርገን፣ ወደ ሌላው የምንሄድበትን ለፍየል ትተነዋል። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ይህኛው ቁልቁለት ከወዲህ ቢዞር፣ ያኛው ጉብታ ቢቆረጥ፣ እዚህ ወንዝ ላይ ድንጋይ ቢደረደር እያልኩ አብራራሁ።

«መምህር» አለ ነጋዴው፣ «ቀስ በል። በቅሎዋ ከሰማችህ አልሄድም ትላለች።»

ተራራው ላይ ያለችው አረቅጥ ብርድ ናት። ከቆርቆሮ ቤቶቹ ጀርባ እንሰቱ እንደ ቆመ ሕዝብ ግጥም ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ ጉም። እዚያ አደርን። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ ልቤ እንደገና ተነሳ፤ እርሻ! ይህ ሁሉ አገር የሚኖረው ከመሬት ነው፤ እኔ ደግሞ ከወረቀት ጋር እታገላለሁ። ፊቴን ሳላደርቅ በሐሳቤ የእርሻ ኮሌጅ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ተመልሼ መጣሁ። ከዚያ የሒሳቡ መምህር ያዋሰኝ የእርሻ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ስለ ስንዴ ይናገራል፣ ስለ በቆሎ ይናገራል፣ ስለ ድንች ብዙ ይናገራል። እንሰት የሚል ቃል ከሽፋን እስከ ሽፋን የለበትም። ለእኔ ዘመዶች ስለ ስንዴ ልመክራቸው ነው። ቁርሳችንን ሳንጨርስ እርሻንም ተውኩት።

ወደ ቡታጅራ ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ከሩቅ ታየ፤ አየሩም ሞቀ። ነጋዴው አገሩን ሲያይ ጨዋታው ጨመረ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የንግድ ሥራ ትምህርት እንዳለ ስነግረው በቅሎዋን አቆማት።

«ንግድ በትምህርት ቤት?»

«አዎ። ዲግሪ አለው።»

«ማነው የሚያስተምረው? ነጋዴ?»

«ፕሮፌሰር።»

«ሱቅ አለው?»

«የለውም።»

እስከ መንደሩ አፋፍ ድረስ ሳቀ። «ሱቅ የለውም!» ይላል፤ ጥቂት ይሄዳል፤ ደግሞ «ሱቅ የለውም!» ይላል። እኔም ሳቅሁ። በውስጤ ግን እየፈራሁ ነበር። ከወልቂጤ ስነሳ አንድ የማልፈልገው ትምህርት ነበረኝ። ቡታጅራ ስገባ የማልፈልጋቸው ብዙ ሆነዋል፤ የቀረኝ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው።

አጎቴን በልጁ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፊቱ ያለው መሬት ሁሉ በርበሬ ተሰጥቶበት ቀልቷል። አካባቢው ያፍናል፤ ገና በሩን ስንገባ ማነጠስ ጀመርን። ጎረቤቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከበርበሬው ዳር ዳር ተቀምጠው ያወራሉ። ነጋዴው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባ፤ ግማሾቹ መለሱለት፤ እኔ ጉልበት ሳምኩ።

«ዳኛዬ መጣ!» አለ አጎቴ። «ቀጠሮዬን ልትነግረኝ ነው?»

«አይደለም፣ አጎቴ። ምርቃቱን እንዲመልሱልኝ ነው የመጣሁት።»

አጎቴ በእጁ የያዘውን በርበሬ መልሶ አስቀመጠ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ሕግ አልፈልግም። ቢሮው ምረጥ ብሎኛል፤ የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው፤ ሕጉን ብወስድ ዕድሜ ልኬን እዚያው ነኝ። እባክዎን ይቀይሩልኝ።»

«አሜን አላልክም?»

«አፌ ሙሉ ነበር።»

«ቢሞላስ? ሰው ሁሉ እየበላ ነው አሜን የሚለው። ደግሞስ ለእኔ ድንበር ማን ይቆምልኛል? ያ ሌባ አጥሩን ስንት ጊዜ እንደገፋ ታውቃለህ፤ በእጅህ ጽፈኸዋል!»

ተቆጣ። ጎረቤቶቹ ገቡበት፤ ልጁ ገባችበት፤ ነጋዴው በአላህ ይሁንብዎት ተራራ አቋርጦ መጥቷል አለ። አጎቴ ብዙ ከተለመነ በኋላ ቀዘቀዘ። መለመን ይወዳል። በትሩን ይዞ ተነሳ፤ ሁላችንም ተነሳን። እጁን ዘረጋ፤ ሰዉ ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ።

«እሺ» አለ። «ምን ይሁንልህ?»

«ሕግ አይሁን።»

«እሱን ሰማሁ። ምን ይሁን?»

«ሕግ አይሁን ብለው ይመርቁኝ። ሌላው ይደረስበታል።»

አጎቴ እጁን ሳያወርድ ትክ ብሎ አየኝ። «አይሁን ብሎ ምርቃት የለም፣ የእህቴ ልጅ። እሱ እርግማን ነው። እርግማን ከሆነ ለጎረቤቴ ያስቀመጥኩት ነው፤ ላንተ አላባክነውም። ይሁን የምለውን ስጠኝ።»

መዳፎች ሁሉ እንደተከፈቱ ናቸው። በርበሬው ያፍናል፤ አንዱ ያነጥሳል፣ አንዱ ይስላል፣ እጁን ግን የሚያወርድ የለም፤ የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም። እኔ የማነብ ሰው ነኝ፤ ለማንኛውም ነገር ተቃራኒውን ወዲያው አገኛለሁ። ሕግ ቢሉኝ አይሆንም የምልበት ምክንያት ሞልቶኛል፤ ሕክምና ቢሉኝም፣ እርሻ ቢሉኝም እንደዚያው። ይሁን ለማለት ግን ከሌላ ሰው አፍ የሚነሳ ነገር እጠብቃለሁ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ። ነፃነት ብዬ የጠራሁት ልማድ ሌሎች ካልተናገሩ መናገር የማይችል ዲዳ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁት። ደስ አላለኝም።

«ቶሎ በል፣ ወላሂ አልቀናል!» አለ ነጋዴው ዓይኑን እያሸ።

«መንገድ» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ወይም አውቃለሁ፤ ከወልቂጤ እስከዚያ ግቢ ድረስ ሳወራ የመጣሁት ነው።

«ምን መንገድ?»

«ከወልቂጤ ቡታጅራ። በተራራው ላይ። መንገድ መሥራት እማራለሁ።»

«ይህንኑ ሲያሰማኝ እኮ ነው የመጣው» አለ ነጋዴው ለጎረቤቶቹ፤ «በቅሎዬን እንኳ አሰልችቷታል።»

አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አሰበ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁት፤ ለምን እንደበራ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ በትሩን መሬት ላይ ተከለና ድምፁን አወጣ።

«እግርህ የረገጠው ይደልደል!»

«አሜን!»

«ድንጋዩ ይታዘዝህ!»

«አሜን!»

«ገደሉ ይሙላልህ፤ መንገድህ በእኔ ደጅ ይለፍ፤ ወልቂጤን ለቡታጅራ እንደ ሙሽራ አግባት!»

«አሜን!» ብለን ሁላችንም እየሳልን ወደ ውጭ ሮጥን።

የገባኝ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። መንገዱ በአጎቴ ደጅ ካለፈ የሚፈርሰው አጥር የጎረቤቱ ነው። ፍርድ ቤት ያልፈታውን ድንበር በአንድ ምርቃት ሊያስፈታው ነው፤ እኔም አሜን ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ አፌ ሙሉ ነበር የምልበት ምክንያት የለኝም። አዲስ አበባ ወጥቼ ሌላ መኪና ይዤ ወደ ወልቂጤ ወረድኩ። መንገዱ ሁሉ ደህና ነበር፤ አቧራማም ቢሆን መንገድ ነው። እኔ ግን መኪናው ወደፊት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ ወደነበርኩበት ጎን መመለሴ ያበሽቀኝ ነበር።

ቅጹ ላይ ምህንድስና ብዬ ጻፍኩ። የሒሳቡ መምህር ሲያነበው አልሳቀም፤ ይህ ከሳቁ ይልቅ አስፈራኝ።

«ጋሼ፣ መግቢያ ፈተና አለው። ሒሳብ ነው።»

«ለዚህ ነው አንተን የምፈልግህ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ሒሳብ የሠሩት መቼ ነው?»

«ገበያ ላይ።»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ማስተማር ግን ጀመረ። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ እኔን የተማሪዎቼ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳይንና ኮሳይን የሚባሉ ነገሮች ያስረዳኛል። መጀመሪያ ላይ ተከራከርኩት። ማነው ይህን የወሰነው፣ ሌላ መንገድ የለውም ወይ እለዋለሁ። «ጋሼ፣ ይህ ክርክር የለውም» ይለኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ስድብ ስቆጥረው ኖሬ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ማረፊያ ሆነኝ። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ እወጣና ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው እመላለሳለሁ፤ ሕግ ቢሆን ኖሮ ፈተና እንኳ የለውም እያልኩ። ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች።

«አሁንስ ምንድን ነው የማትፈልገው?» ትለኛለች ስገባ።

«ትሪጎኖሜትሪ።»

«እሺ፤ ይኼም ተጨመረ። እራትህን ብላና ተመለስበት።»

ፈተናውን አለፍኩ፤ በደንብ አይደለም፣ ግን አለፍኩ። ጎረምሳው አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ «እንግዲህ ጋሼ፣ ታናሼ ሆኑ» ብሎኝ ሄደ። ስጨርስ ስንት ዓመት እንደሚሆነኝ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። እኔም ሳላስጨርሳቸው እነግራቸዋለሁ። ምህንድስና ለጎረምሳ ነው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ በአንድ ድምፅ ነው ያሉኝ፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ትንሽ ረድቶኛል። የዱሮ በሽታ በአንድ ምርቃት አይለቅም።

የሄድኩት በዓመቱ፣ ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ትምህርቱ አይጠብቅም ተባልኩ። ጠዋት የወልቂጤ አውቶቡስ ማቆሚያ ስደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪናዎች እስከ ጣሪያቸው ሞልተው ይገባሉ፤ ሳጥን፣ ፍራሽ፣ አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ፣ ገና ሳይወርድ የሚጮህ ዘመድ። የእኔ አውቶቡስ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። በዚያን ሰሞን ከጉራጌ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እብድ ነው ወይም ወታደር ነው። ባለቤቴ ስንቁን በመስኮት አቀበለችኝ፤ ሴቶቹ ልጆቼ ከአጠገቧ ቆመው የሚገባውን ሰው ያያሉ እንጂ እኔን አያዩም።

ልጇን ልትቀበል የመጣች አንዲት አሮጊት በመስኮቴ አጠገብ ቆማ ነበር። ለመስቀል ተነጥሎ የሚሄድ ሰው ስታይ አዘነች። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ በቋንቋችን አንድ ነገር አለች። ሞተሩ ተነስቶ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም። በአጠገቧ የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ አሜን እንድል ይጠብቃሉ።

አንገቴን በመስኮት አወጣሁና ምን እንዳለች እንድትደግምልኝ ለመንኳት።